የሚዛን ያዥ እራት

«ወደብ» ብለው ጻፉ በዚያ ግድግዳ፣
ባሕር በሌለበት፣ በፈረንጅ አራዳ።
መርከብ የማያውቀው አዌቱ ከጓሮ
ጭቃውን ይገፋል እንደ ድሮ ድሮ።

ሙስባህ ጋብዞኝ ነው፣ የመፍቱሃ ባል፤
«ዛሬስ ዘመናይ ምግብ እንበላለን» ይላል።
እኔ ግን ይሄን ቤት በሆዱ አውቀዋለሁ፤
ሃያ ስድስት ዓመት ሚዛን ይዤበታለሁ።

አሁን ጠረጴዛው የቆመበት ቦታ
የጀንፈል ክምር ነበር፣ እስከ ጣራው ከፍታ።
ሻማ የበራበት ያ የግራ ጥግ
ካቦ ዘበርጋ ነበር፤ ቃሉ እንደ ሕግ።

አስተናጋጇ መጣች፣ ጥቁር ሽርጥ ታጥቃ፣
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሕፃን እንዳይነቃ።
«ሼፋችን ነጂማ ኖርዌይ ነው የሠራች፤
የበርገኖቹን ስልት ለጅማ ያመጣች።
ጨው፣ ጢስና እርሾ፣ ከዱር ቅጠል ጋር፤
ቅጠሉ ከበለጠ ደን፣ ማሩ ከጎጀብ ዳር።»

መጀመሪያ የመጣው ድንጋይ ነው።
አዎ፣ ድንጋይ! ከወንዝ የተለቀመ፤
በላዩ አንድ ቅጠል ብቻውን የቆመ፣
ከቅጠሉ ሥር ዓሣ፣ ከግልገል ጊቤ፣
አውራ ጣት የሚያህል። ተሳቀቀ ልቤ።

እጄ ልማዱ ነው፣ ሳላስብ መዘነ፤
ሠላሳ ግራም ቢሆን ነው፣ ያውም ከሆነ።
ስንቱን ፈረሱላ፣ ስንቱን ኩንታል የዳኘ
ዐይኔ፣ ሚዛን ላይ የሚያኖረው አላገኘ።

ቀስ ብዬ ቀመስኩት። እውነቱን ልናገር፦
ጢሱ የጎረቤት ነው፣ ጨዉ የሩቅ አገር፤
ምላሴ ላይ ቆየ እንደማያልቅ ነገር።
አለቀ።

ቀጥሎ ገብስ መጣ፣ በእርሾ የሰከረ፤
ቀጥሎ ቆጮ፣ ወይ ቆጮ! እንደ ወረቀት ሳስቶ የተሰባበረ።
ሙስባህ በስልኩ አነሣው፤ እኔ በሹካ አነሣሁ።
የሱ ስልኩ ላይ አለ፤ እኔ የኔን ወዲያው ረሳሁ።

ከዚያ ዐይኔ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ወደቀ።
ቤቱ ሁሉ ተለስኗል፤ ያ ብቻ እንዳለ ጠበቀ።
ከላዩ መስታወት፣ ከላዩ ትንሽ መብራት፤
በከሰል የተሰመረ፣ ቁም ቁም መስመር፣ አራት አራት፣
አምስተኛው አግድም።

«እሱን ሆን ብለን ነው የተውነው» አለች ልጅቱ፤
«ማን እንደሣለው አይታወቅም፣ ግን ማማሩ፣ ጥንታዊነቱ!
እንግዶች ሁሉ ከሱ ጋር ነው ፎቶ የሚነሡት።»

ዝም አልኩ። ሹካውን አስቀመጥኩት።

ዳልኬ ነው። ከዳውሮ በእግሩ የመጣው፤
ፊደል አልቆጠረም፣ ቀን ግን የማይስተው።
እያንዳንዱ መስመር የአንድ ቀን ሸክም ነው፣
ዘበርጋ «ነገ» ያለው፣ ነገም ያልከፈለው።
ማታ ማታ ከማድቤት ከሰል ይዞ ይመጣል፤
ጀርባውን አቅንቶ አንዷን መስመር ያሰምራል።
እኔ ከዚያ ማዶ፣ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ
የቡናውን ኪሎ እጽፋለሁ፣ ግራም ሳልስት፣ ተጠንቅቄ፣ ተግቼ።

መቶ አሥራ ሁለት መስመር። ዛሬ ቆጠርኩት።
ያኔ፣ በየቀኑ በፊቱ ሳልፍ፣ አንድ ቀን አልቆጠርኩት።

ሒሳቡ መጣ፣ በትንሽ የእንጨት ሣጥን።
ሙስባህ በእጁ ከለለው፣ እንዳላይ ዋጋውን።
ምን ያደርጋል፣ አየሁት፤
በዳልኬ መስመር አባዛሁት፣
አካፈልኩት፣
መልሼ ተውኩት። የያኔ ብርና የዛሬ ብር
አንድ ሚዛን ላይ አይቆሙም፣ ቢደመር ቢቀነስ፣ ቢሞከር።

ተነሣሁ። ጉልበቴ ቋቋ አለ። በመስታወቱ ጠርዝ
ጣቴን አሾልኬ ነካሁት፣ የመጨረሻዋን ሰረዝ።
ይለቃል።
ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ከሰሉ ዛሬም ይለቃል።

«የኔ ልጅ፣ ብዕር አለሽ? ከሥሩ ስም ጻፊበት፤
ሠዓሊ አይደለም በይ፣ ኩሊ ነው፤ ዳልኬ ነው የሚባለው፣
ይሄን ቤት የተሸከመው።»

ልጅቱ ደግ ናት። ከሽርጧ ኪስ ብዕር አወጣች፣
የትዕዛዝ ወረቀቷን ገልብጣ «ዳልኬ» ብላ ጻፈች።
ከዚያ ቀና ብላ፣ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ እንዳለ፣
«የአባቱስ ስም?»

ሃያ ስድስት ዓመት።

ከኋላዬ የሙስባህ ድምፅ፦
«አባባ፣ ይምጡ እንጂ፣ ጣፋጩ ቀረበ።»